የጦቢያ እኅቶች በጣና ዳር

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ባሕር ዳር መጥታ ከእኛ ዘንድ የሰነበተች የእኅታችን ልጅ፣ ከመደርደሪያችን ላይ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አንሥታ ሁለት ቀን ከእጅዋ ሳትለያት ቈየች። መጽሐፊቱ ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጻፏት፣ በመጀመሪያ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብላ ታትማ ኋላ «ጦቢያ» በሚለው ስም የታወቀችው ናት። በሦስተኛው ቀን ማታ ከሥራ ተመልሰን በሐይቁ ዳር አብረን ስንሄድ፣ «ጋሼ፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ባትለብስ ኖሮ ምን ትሆን ነበር?» ብላ ጠየቀችን። «ከቤቷ ትቀመጥ ነበር፤ ደራሲውም የሚጽፈው ያጣ ነበር» ብለን በቀልድ ልናልፋት ሞከርን። እሷ ግን፣ «እንግዲያው የጥንት ሴቶች ወንድ ካልመሰሉ በቀር ከቤት አይወጡም ነበር ማለት ነዋ!» አለችና ዝም አለች።

ዝምታዋ ከጥያቄዋ ይልቅ ከበደን። የቆምንበት ስፍራ ራሱ መልስ የያዘ ስፍራ መሆኑን እያወቅን በቀልድ መመለሳችን አሳፍሮን፣ በማግሥቱ መጻሕፍታችንን ገልጠን ማስታወሻ መያዝ ጀመርን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ማስታወሻ የወጣ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ የእኛ በሚሆንበት ጊዜ ዓመተ ምሕረት ብለን እንለያለን።

በመጀመሪያ ስለ መጽሐፊቱና ስለ ደራሲዋ ጥቂት እንበል። ከባሕር ዳር ዳርቻ ቆሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ለሚመለከት ሰው፣ ወደ ሐይቁ ገባ ብሎ የሚታየው ደን የለበሰ ምድር ዘጌ ነው፤ በቡናውና ከዛፍ ጥላ ሥር በተሰወሩት ገዳማቱ የታወቀ። አፈ ወርቅ በ1868 የተወለዱት በዚያ ነው። የእቴጌ ጣይቱ ወገን ስለ ነበሩ ከቤተ መንግሥት ተጠግተው አደጉ፤ በ1887 ወደ ኢጣልያ ሄደው በቶሪኖ ከተማ ሥዕል ተማሩ፤ በኋላም በናፖሊ የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት የአማርኛ አስተማሪ ሆኑ። «ልብ ወለድ ታሪክ» በሮማ የታተመችው በ1908፣ ማለት በእኛ በ1900 ዓመተ ምሕረት ነው። በአማርኛ ከታተሙት ልብ ወለዶች የመጀመሪያዪቱ እሷ ስለ ሆነች፣ የአማርኛ ልብ ወለድ አባት የጣና ልጅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዘመኑም አገሩም ተለይቶ ባልተነገረበት በጥንት ጊዜ፣ የክርስቲያን ጦር አለቃ በአረማውያን ጦር ድል ሆኖ ይማረካል። ያንድ ነጋዴ ቸርነት ከምርኮ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ የዚያን ቸር ሰው ውለታ ለመክፈል ከቤቱ ወጥቶ ሲንከራተት እሱ ራሱ በባርነት ይወድቃል። አባትየውና የዋሕድ መንትያ የሆነችው ጦቢያ ሊፈልጉት ይነሣሉ፤ ጦቢያም የወንድ ልብስ ትለብሳለች። መንገዱ ወደ አረማዊው ንጉሥ ግቢ ያደርሳቸዋል። በዚያም የንጉሡ ዘመድ የሆነች ልዕልት ጦቢያን ወንድ መስላት ትወዳታለች፤ ንጉሡም በተራው ልቡ ይሸፈታል። ምሥጢሩ ሲገለጥ ንጉሡ ክርስትናን ይቀበልና ጦቢያን ያገባል፤ ዋሕድም ልዕልቲቱን ያገባል።

የአውሮፓን ድርሰት ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እንግሊዛዊው ሼክስፒር በ1601 ገደማ በጻፈው «ዐሥራ ሁለተኛው ሌሊት» በተባለው ቴአትር ውስጥ ቫዮላና ሰባስትያን መንትዮች ናቸው፤ ቫዮላ የወንድ ልብስ ትለብሳለች፤ ኦሊቪያ የተባለች ወይዘሮ ወንድ መስላት ትወዳታለች፤ በመጨረሻ መንትያ ወንድሟ ደርሶ ኦሊቪያን ያገባል፤ ቫዮላም መስፍኑን። ሼክስፒርም ቢሆን ነገሩን ከራሱ አላመነጨውም፤ በሲየና ከተማ በ1532 ገደማ «የተታለሉት» በሚል ስም ከታየ የኢጣልያ ቴአትር የመጣ ነው። እንግዲህ በኢጣልያ ብዙ ዘመን የኖሩት የዘጌው ሰው እንዲህ ያለውን ተረት በዚያ አገር ሳይሰሙት አልቀሩም ብለን እንገምታለን። በዚህ ግን ልናፍር አይገባንም፤ ተረት እንደ ነጋዴ ከአገር ወደ አገር ይሄዳል።

ነገር ግን አንድ ነጥብ ከተውሶው ልብስ ውጭ ይቀራል። የሼክስፒሯ ቫዮላ ፍቅሯን በልቧ ይዛ ጊዜ እስኪፈታላት ትጠብቃለች፤ ከመስፍኑ ጋር የሚያከራክራት የእምነት ነገር የላትም። የአፈ ወርቅ ጦቢያ ግን ወደ ንጉሡ እምነት አትሄድም፤ ንጉሡ ወደ እሷ እምነት ይመጣል። ሠራዊት ያለው ንጉሥ በአንዲት ምርኮኛ ሴት ልጅ እምነት ፊት የሚንበረከክበት ይህ ሐሳብ ከሲየና አልመጣም። ከየት መጣ ቢሉ፣ ወደ ዘጌ መመለስ ያስፈልጋል።

በዘጌ ከአፈ ወርቅ መወለድ ሁለት መቶ ዓመት አስቀድሞ አንዲት ሴት የወንዶችና የሴቶች መነኮሳትን ማኅበር ትመራ ነበር። ስሟ ወለተ ጴጥሮስ ይባላል። ቤተ ክርስቲያናችን በቅድስና ስለምትዘክራቸው እኛም በአክብሮት እንጥራቸው። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከታላላቅ የደዋሮና የፈጠጋር ባላባቶች ወገን ተወለዱ። በወጣትነታቸው ከዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቆች አንዱ ለሆኑት ለመልክአ ክርስቶስ ተዳሩ፤ ሦስት ልጆች ወልደው ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። በዚያን ጊዜ የፖርቱጋልና የእስፓኝ ኢየሱሳውያን ንጉሡን ወደ ሮማ እምነት ይስቡ ነበርና አገሩ በሁለት ተከፈለ። በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ከዐመፁት ወገን ቆመው በጦርነት ተገደሉ፤ በዚያ ዘመቻ ከንጉሡ ጋር ከነበሩት አንዱ መልክአ ክርስቶስ ነበሩ።

ወለተ ጴጥሮስ ከባላቸው ቤት ወጥተው ሲሸሹ፣ ባላቸው ወታደር አስከትለው የሸሹበትን አገር ስላስጨነቁት፣ ሕዝቡ በእኔ ምክንያት አይጥፋ ብለው ተመለሱ። በዚህ ያበቃ መስሏቸው የነበሩ ሁሉ ተሳሳቱ። የጳጳሱ ደም ባለበት ቤት አልኖርም ያሉት እመቤት ባላቸውን እንደ ባል ማየት ፈጽመው ተዉ፤ በመጨረሻ ያ የጦር አለቃ ራሱ ሊለቃቸው ግድ ሆነበት። ፀጉራቸውን ተላጭተው ቆብ ደፉ። የእኅታችን ልጅ ለጠየቀችው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው፤ ጦቢያ ከቤት ለመውጣት የወንድ ቀሚስ አስፈለጋት፣ ወለተ ጴጥሮስ ግን በገዛ ስማቸውና በገዛ ፊታቸው ወጡ።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን እምነት በግልጥ ተቀበሉ። መነኮሳዪቱም ከአገር አገር እየዞሩ ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይተው ስላስተማሩ በንጉሡ ሸንጎ ፊት ቀረቡ። የካቶሊክ ካህናት በክርክር ሊያሳምኑአቸው ደከሙ፤ አልሆነም። ወደ ሱዳን ጠረፍ ዠበይ ወደሚባል ቆላ አገር ተጋዙ፤ በዚያም ሦስት ዓመት ኖሩ። ግዞት ሰውን ብቻውን የሚያስቀር ነገር መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ ለእሳቸው ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። የተሰደዱ ሁሉ እየተከተሉ ወደ ዠበይ ስለ ሄዱ የመጀመሪያው ማኅበራቸው እዚያው በግዞቱ ምድር ቆመ። ከግዞት ሲመለሱ ደግሞ በጣና ዙሪያ ሌሎች ማኅበራትን መሠረቱ፤ ቁጥራቸው ሰባት ደረሰ፤ ከእነዚህም አንዱ በዘጌ ነበር። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ንጉሡ ወደ ሴቲቱ እምነት ተመለሱ ማለት ነው፤ እርግጥ ነው፣ ይህን ያደረገው የአንዲት ሴት ጽናት ብቻ ሳይሆን በየአውራጃው የፈሰሰው የብዙ ሺህ ሰው ደም ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጎናቸው ያልተለዩት እማሆይ እኅተ ክርስቶስ ናቸው። እሳቸውም ባላቸውንና ልጃቸውን ትተው የመነኑ እመቤት ሲሆኑ፣ ሁለቱ ገና እንደ ተያዩ በፍቅር እንደ ተሳሰሩና እስከ ሞት እንዳልተለያዩ ገድሉ ይነግረናል። ለልብ ወለድ ደራሲ ከጋብቻ ሌላ የሕይወት መጨረሻ ያለ አይመስለውም። እነዚህ ሁለት እመቤቶች ግን ታሪካቸው የጀመረው ጋብቻው ካበቃ በኋላ ነው። ወለተ ጴጥሮስ በ1642 ኅዳር 17 ቀን በአምሳ ዓመታቸው ዐረፉ፤ እኅተ ክርስቶስም ማኅበሩን እየመሩ እስከ 1649 ኖሩ።

ገድላቸውን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በ1672 በግዕዝ ጻፈው። ዐይተው የሚያውቋቸው ሰዎች ገና በሕይወት ስለ ነበሩ ጽሑፉ ሕያው ነገር ይበዛበታል። የሚያስመሰግነው አንድ ነገር ደግሞ አለ። አንዳንድ ሊቃውንት፣ ሴት መምህርና መሪ ትሆን ዘንድ በየትኛው መጽሐፍ ተጽፏል ብለው እንደ ተከራከሩ፣ ጸሐፊው ሳይሸሽግ አስፍሮታል። ክርክሩን መጻፉ እመቤቲቱ በባዶ ሜዳ እንዳልሄዱ ያስረዳል። የግዕዙን ጽሑፍ ኢጣልያዊው ኮንቲ ሮሲኒ በ1912 አሳተመው፤ በ2015 ደግሞ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጕም ወጣ። ገዳማቸው በሐይቁ በስተ ምሥራቅ በቋራጣ ነው።

አፈ ወርቅ በልጅነታቸው የዚህችን እመቤት ታሪክ ሰምተው ነበርን? የጻፉት ምስክር ባይኖረንም፣ ማኅበራቸው በቆመበት በዘጌ የተወለደ ልጅ የእሳቸውን ዝክር ሳይሰማ አደገ ማለት ለእኛ ከተረት ይልቅ ይከብደናል።

አሁን ከወለተ ጴጥሮስ ዘመን ወደ ኋላ እንሂድ፤ የጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ የሁለት እናቶችን ታሪክ ደግሞ ይዟልና። ይህን ታሪክ አንድ የአውሮፓ ደራሲ፣ ለምሳሌ «አይቫንሆ»ን የጻፈው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ስኮት፣ አግኝቶት ቢሆን ኖሮ ሦስት ትላልቅ መጻሕፍት ያወጣበት ነበር ብለን እናምናለን።

አንደኛዋ እቴጌ ሰብለ ወንጌል ናቸው። ባላቸው ዐፄ ልብነ ድንግል በኢማም አሕመድ ጦር እየተሳደዱ በ1540 ሲሞቱ፣ እቴጌዪቱ ሰው በገመድ በሚወጣበትና በሚወርድበት በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ነበሩ። በሚከተለው ዓመት ክሪስቶቮ ዳ ጋማ አራት መቶ የፖርቱጋል ወታደሮች ይዞ ሲደርስ፣ ከአምባው ወርደው ከሠራዊቱ ጋር ተጓዙ። ዳ ጋማ በ1542 ተማርኮ ሲገደል እንኳ ከዘመቻው አልተመለሱም፤ የተረፉትን ወታደሮች ይዘው ከልጃቸው ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተገናኙ።

ሁለተኛዋ ባቲ ድል ወንበራ ናቸው። የዘይላው አሚር ማሕፉዝ ልጅና የኢማም አሕመድ ባለቤት ሲሆኑ፣ ባላቸው ሲዘምቱ አብረው ይዘምቱ ነበር። አባታቸውን በ1517 ገደማ የዐፄ ልብነ ድንግል ጦር ገድሎባቸዋል። በየካቲት ወር 1543 ደግሞ ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ባላቸው ኢማም አሕመድ ሞቱ፤ ልጃቸው መሐመድም ተማረከ። እንግዲህ አባትም፣ ባልም፣ ልጅም በአንድ ቤተ መንግሥት እጅ ሄዱባቸው ማለት ነው።

የሰብለ ወንጌል ልጅ ምናስ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በኢማም አሕመድ ሰዎች ተማርኮ ወደ የመን ተልኮ ነበር። ሁለቱ እናቶች፣ አንዲቱ ባል የሞተባት እቴጌ፣ ሁለተኛዪቱ ገና ሐዘኗ ያልደረቀ የኢማም ሚስት፣ የሁለት ሃይማኖትና የሁለት ሠራዊት እመቤቶች ሲሆኑ፣ ልጅ በልጅ ተለዋወጡ። ምናስ ወደ እናቱ ተመለሰ፤ መሐመድም ወደ እናቱ። መልእክተኞቹ ምን ቃል ይዘው እንደ ሄዱና ቃሉም በየድንኳኑ እንዴት ያለ ልብ እንዳገኘ አንድ ደራሲ ቁጭ ብሎ ቢያስብበት የጦቢያን መሸፈን የሚያህል ተንኮል መፈለግ አያስፈልገውም ነበር።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ድል ወንበራ ሐረር ገብተው፣ የባሌን ደም ለሚመልስልኝ እንጂ ለሌላ አልዳርም ብለው ቃል አስገቡ። የባላቸው የእኅት ልጅ አሚር ኑር ይህን ተቀብሎ አገባቸው፤ በ1559 ዐፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ገደለ። ገላውዴዎስ ሲሞቱ በዙፋኑ የተቀመጠው ማን ነው? ያ የተለወጠው ልጅ፣ ምናስ ነው። አንዲት እናት የሌላዪቱን ልጅ ሰጥታ የገዛ ልጇን አስመለሰች፤ በኋላም የገዛ ቂሟ ያን የሰጠችውን ልጅ አነገሠ። እንዲህ ያለውን ነገር ደራሲ ከራሱ ቢያመነጨው አንባቢ «ይህማ በጣም ተገጣጠመ» ብሎ ያማው ነበር። ለድል ወንበራም ቢሆን ፍርዳችን መራር መሆን የለበትም፤ እኛ ከሰብለ ወንጌል ወገን ሆነን ስለ ተማርን ብቻ የዚያችን እመቤት ጽናት ጭካኔ ብለን ብንጠራው ሚዛናችን አድልዎ ይሆንበታል።

እቴጌ ምንትዋብን በዚህ ረድፍ ለማስገባት ዘመናቸው ዘግየት ያለ ቢሆንም፣ በአንድ ነገር ሳናነሣቸው ማለፍ አልቻልንም። ከ1730 ጀምሮ ስለ ልጃቸው ስለ ዳግማዊ ኢያሱ መንግሥቱን የመሩት እሳቸው ናቸው። በደቅ ደሴት ላይ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ በውስጡም በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚያሳይ ሥዕላቸው አለ። ሴት እንዳትረግጣቸው በተከለከሉት በክብራንና በዳጋ መካከል በታንኳ እያለፈ ወደ ናርጋ የሚሄድ ሰው፣ አንዲት ሴት በዚህ ውሃ ላይ የራሷን ደሴት እንዳገኘች ያስተውላል።

አሁን ወደማይመቸው ነገር እንግባ። የጦቢያን ደራሲ ስናመሰግን ያልተናገርነው አለ። ነጋድራስ አፈ ወርቅ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ለወራሪው መንግሥት አድረው ነበር፤ አፈ ቄሣርም ይባሉ ነበር። ከነፃነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዘው በ1947 እዚያው ሞቱ። ለባዕድ ንጉሥ እምነቷን ያልለወጠች ልጅ የፈጠሩ ሰው፣ የባዕድ ቄሣር በመጣ ጊዜ ራሳቸው ተንበረከኩ። ስለዚህ ነገር ከባልንጀሮቻችን ጋር ብዙ ጊዜ ተከራክረናል። አንዳንዶቹ መጽሐፊቱን ከነጸሐፊዋ መተው ይሻላል ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ቋንቋው እንደ ወርቅ ስለ ሆነ ስለ ሰውየው ዝም እንበል ይላሉ። እኛ ሁለቱንም አልተቀበልንም። ሰውየው ያደረጉትን ለተማሪዎች ሳንነግር መጽሐፊቱን ማስነበብ አይገባንም፤ መጽሐፊቱን ደግሞ መንፈግ ጦቢያን ለደራሲዋ ጥፋት መቅጣት ነው። ሕዝባችን አገሩን ጦቢያ እያለ ሲጠራ የኖረ ስለ ሆነ፣ ስሟ ከደራሲዋ ይልቅ የእኛ ነው።

ሌላው የሚያሳስበን ከእሳቸው በኋላ የመጣው ነው። ደራሲዎቻችን ወደ ታሪክ ፊታቸውን ባዞሩ ጊዜ ዓይናቸው ያረፈው ይልቁን በአንድ ሰው ላይ ነው። ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» የተባለ ቴአትር ጻፉ፤ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓመተ ምሕረት «የቴዎድሮስ እንባ»ን አሳተመ፤ ከባሕር ዳር አቅራቢያ የተወለደው አቤ ጉበኛም በ1961 ዓመተ ምሕረት «አንድ ለናቱ» የሚለውን ትልቅ መጽሐፍ ስለዚያው ንጉሥ አወጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህ ሁሉ አይገባቸውም የሚል ሰው የለም። ነገር ግን በእሳቸው ታሪክ ውስጥ እንኳ እቴጌ መነን በ1847 ራሳቸው ጦር መርተው ከጣና በስተ ሰሜን ካሳን ሊወጉ ወጥተው ተማርከዋል። በመጻሕፍቱ ግን መነን የካሳ መሰላል አንድ ደረጃ ብቻ ሆነው ይታለፋሉ።

የእነ ወለተ ጴጥሮስን ታሪክ ልብ ወለድ ማድረግ ግን ቀላል ነው አንልም። ገድል የተጻፈው ለጸሎትና ለዝክር እንጂ ለመዝናኛ አይደለም፤ ሳይጠነቀቅ የሚነካው ደራሲ ምእመናንን ያሳዝናል። በዚያ ላይ ደራሲው ራሱን መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። መልክአ ክርስቶስ ሚስታቸውን እንዲሁ በክፋት ብቻ ያሳደዱ ሰው ነበሩን? ወይስ ንጉሣቸውንም ሚስታቸውንም መውደድ ያቃታቸው ሰው? ሦስት ልጆች የሞቱባት እናት ስትወጣ ከኋላዋ የቀረው አባትም ሦስት ልጆች ሞተውበት ነበር። ገድሉ በዚህ ላይ አይዘገይም፤ ሥራው አይደለምና። የልብ ወለድ ሥራ ግን እዚህ ይጀምራል።

ይህን ሁሉ ለእኅታችን ልጅ በሁለት ማታ ነገርናት። ስለ ድል ወንበራ ስንነግራት እንባ አቀረረች፤ ስለ አፈ ወርቅ መጨረሻ ስንነግራት ተቈጣች፤ መጽሐፊቱን ግን አልመለሰችልንም። ወደ ትምህርት ቤቷ ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት አንድ ንጹሕ ደብተር ገዝታ መጣችና፣ «ጋሼ፣ ወደ ቋራጣ የሚሄደው ጀልባ በየትኛው ቀን እንደሚነሣ ይጠይቁልኝ» አለችን። በማግሥቱ ከቢሮ ስንወጣ ወደ ወደቡ ሄደን ጠየቅንላት።